መንገድ ላይ ያስቀረችን ቀይ መኪና

ይሄ የሆነው ባለቤቴ ዑመር በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ እዚሁ ጅቡቲ ነው። አዲሱ ባቡር ገና አልመጣም ነበር። ዓመቱን በቁጥር አትጠይቁኝ፣ አልተማርኩም። ይሄን ለጋዜጣ የምትጽፍልኝም ከድሬዳዋ ለዕረፍት የመጣችው የሴት ልጄ ልጅ ናት። ነገሩ ትንሽ ነው። መኪና መንገድ ላይ ተበላሸ፣ ይኸው ነው። ግን ዓርብ ዓርብ በሬ ላይ ክላክስ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ዑመር ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ሱቁ ከፊት፣ ቤታችን ከኋላ። ሳጥን የመሰለች ነጭ መኪና ነበረችው። እሱ ቀድሟት ሄደ እንጂ እሷስ አንድ ቀን አላስነጠሰችም። እሱ ሲሞት ሱቁ ተዘጋ፣ መኪናዋንም ወንድሙ ወሰዳት። ታናሹ ልጄ ነቢል ወደብ ነው የሚሠራው፤ ሚስት አገባና ከከተማው ዳር ቤት ያዘ። ቤቱ ለእኔና ለቬንትሌተሩ ቀረ።

ነቢል መኪና ሊገዛ ሲል መጥቶ ወሰደኝ። እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ሲገዛ እናት እጇን ጭና ዱዓ ሳታደርግ አይወጣም። ከዱባይ በመርከብ የመጡ መኪናዎች የተደረደሩበት ግቢ ገባን። ሻጩ ሽማግሌ የመናዊ ነው፣ ዑመርን ያውቀዋል። የዑመርን የመሰለች ነጭ መኪና አሳየን።

«ይቺን ውሰድ ልጄ። ሞተሯ አንተን ይቀብርሃል» አለው።

«አጎቴ፣ እኔ ልቀበር ነው እንዴ መኪና የምገዛው?» አለ ነቢል። ዓይኑ ከጎኗ ያለችው ቀይ ላይ ነው። ዝቅ ያለች፣ የምታብረቀርቅ፣ ለሠርግ የተኳለች የምትመስል።

«ከሚያምር የሚያደርስ ይሻላል» አልኩት። «በረሃ ላይ መልክ ውሃ አይሆንህም። አባትህን አታይም? አንድ ቀን መንገድ ላይ ቀርቶ ያውቃል?»

«አባቴ መኪና ነድቶ አያውቅም ኡሚ። ይደርስ ነበር እንጂ» አለኝ። «እኔ ይቺን ስይዛት ልቤ ይከፈታል።»

ምን ትሉታላችሁ? ቅር እያለኝ እጄን ቀይዋ ላይ ጭኜ ዱዓ አደረግኩ።

ሙቀቱ ሲጀምር፣ አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጣ። «አርታ ላውጣሽ፣ ትንሽ ይንፈስብሽ» አለኝ። አርታ ተራራ ነው፣ ከከተማው ይቀዘቅዛል። ከዑመር ጋር ስንት ጊዜ ሄደናል፤ እሱ መሪውን ጨብጦ ዝም፣ እኔ ዝም፣ ደረስን። ነቢል ግን መስኮቱን ከፈተ፣ ዘፈነ፣ ኩርባው ላይ ዞር ብሎ ያየኛል። «እንዴት ናት?» ይለኛል። «ፊትህን እይ!» እለዋለሁ። ሻርፔን ነፋሱ ሊወስደው ነው፣ ግን ወላሂ ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ ድምፄን አውጥቼ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ዳገቱን ስንጀምር ከፊቷ ጭስ ተነሳ። ቆመች።

ነቢል ወደ መካኒኩ ደወለ። መካኒኩ ጫት ላይ ነው። የጅቡቲን ነገር ታውቃላችሁ፣ ቀትር ላይ ጫቱ ከገባ በኋላ ሀገሩ ይቀመጣል። «ከአሱር ሶላት በኋላ እመጣለሁ» ብሎ ዘጋበት። ቆይቶ አንድ የኢትዮጵያ ተሳቢ ቆመልን። ሹፌሩ ወረደና መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«እናቴ፣ ይቺ ሙሽራ ናት፣ ማን በረሃ ላካት?» አለኝ በአማርኛ።

«ልጄን ጠይቀው» አልኩት።

ሞተሯን አይቶ ውሃ የሚያመላልሰው ጎማ እንደፈነዳ ነገረን። መለዋወጫ የለውም። «ላድርሳችሁ» አለ። ነቢል መኪናውን ጥሎ አልሄድም አለ፤ እኔም ልጄን ጥዬ አልሄድም አልኩ። ሹፌሩ ጀሪካን ውሃና ካርቶን ትቶልን ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም፣ አላህ ይስጠው።

ከአንዲት እሾሃም ግራር ሥር ካርቶኑን አንጥፈን ተቀመጥን። ሥራ የለ፣ መሄጃ የለ።

«ኡሚ፣ ለምን አንቺ ቤት እንደማልገባ ታውቂያለሽ?» አለኝ ድንገት።

«ሥራ በዝቶብህ ነዋ።»

«ሥራ አይደለም። በሩን ስከፍት የአባቴ ሳል የሚመጣ ይመስለኛል። አይመጣም። እሱን እፈራለሁ።»

እኔ ልጄ የረሳን መስሎኝ ነበር። «እኔም እኮ በመምጫው ሰዓት እስካሁን መዝጊያውን እከፍታለሁ» አልኩት። አለቀሰ። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ጺም አለው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ የአባቱን ነገር እያነሳን ስንስቅ፣ ስናለቅስ፣ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ ተኛ። በካርቶን ቁራጭ አራገብኩለት። ሙቀቱ ይገድላል፣ ግን መካኒኩ ባይመጣ ደስታዬ ነበር።

መጣ። ሠራት። ወደ ከተማ ተመለስን።

በሳምንቱ ነቢል ቀይዋን ሸጣት። ሄዶ የመናዊው ያሳየንን ነጯን ገዛ። «ልክ ነበርሽ ኡሚ፣ አንቺን በረሃ ላይ ማስቀመጥ አሳፍሮኛል» አለኝ። ሰው ሁሉ «እናቱን የሰማ» ብሎ አመሰገነው። እኔ ግን ያን ቀን እንደወደድኩት አልነገርኩትም። ያን ቀን ግራር ሥር መቀመጤን እንደ በደል ነው የቆጠረው።

ነጯ መኪና ይኸው ዛሬም አለች። አንድ ቀን ተበላሽታ አታውቅም። ዓርብ ዓርብ ነቢል በሬ ላይ ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል። እወጣለሁ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በፌስታል ሥጋና ሙዝ ይሰጠኛል፣ እጄን ይስማል፣ «ደህና ነሽ ኡሚ?» ይላል። «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ይሄዳል። ፌስታሉን ይዤ ጥጉን እስኪዞር አየዋለሁ። በልቤም «ያ ረቢ፣ አደጋ አይሁን፣ ጎማ ብቻ ይተንፍስ» እላለሁ። ጎማው አይተነፍስም።

ክፉ ልጅ ነው እንዳትሉት፣ አይደለም። ያን በር ዛሬም ይፈራዋል።

የልጅ ልጄ «የአጎቴን ስም ልጻፈው?» አለችኝ። ጻፊው፣ ጋዜጣ ያነባል አልኳት። ነቢል፣ ይሄን ካነበብክ፣ ዓርብ ስትመጣ ሞተሩን አጥፋና ግባ። አብረን እንፈራዋለን።