የወንድሜ ድርሻ

አምቦ ቤታችን ውስጥ ፍሪጅ ነበረን፤ ግን አይሠራም። ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ፤ አስተማሪው አባቴ ነቅሎት ነው። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር የተቀየረ ባልደረባው ማጓጓዙ ቢቸግረው ትቶልን የሄደ፣ ወፍራም እጀታ ያለው ነጭ ፍሪጅ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ በሩን ከፍቶ ያየው ነበር። እኔም እንደ ባለሀብት ልጅ ተኮፍሼ አስጎበኝ ነበር። ሁለት ሳምንት እንኳ አልኮራሁበትም።

ከአከራያችን ጋር የምንጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ነው። እሳቸውም «አዴ» የምንላቸው፣ እዚያው ግቢ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ፍሪጁ ግርር ብሎ በተነሳ ቁጥር የእሳቸው አምፖል ይደበዝዛል። አዴ አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረሙም፤ አባቴን የጨረሰውም ይኸው ዝምታቸው ነው። «ሰው ጨለማ ተቀምጦ የእኛ ሥጋ ይቀዝቅዝ? ነውር አይደለም እንዴ» ብሎ ነቀለው። እናቴም ደብተሮቻችንንና የእንግዳ ሰሃኖቿን ደረደረችበት።

እውነቱን ለመናገር፣ ፍሪጅ በማጣታችን የጎደለብን ነገር ትዝ አይለኝም። ወተት ጠዋት ይመጣል፣ ይፈላል፣ ያልተጠጣው ይረጋል። ቅቤው ይነጠራል። ከወንጪ የመጣው ቆጮ እንደተጠቀለለ በቅጠሉ ይቀመጣል። ጠርሙስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን መስኮት ላይ ካሳደርነው ጠዋት ውሃው ጥርስ ያማል። ዛሬ ቤቴ ያለውን ፍሪጅ ከፍቼ የሻገተ ምግብ ስጥል በራሴ እበሽቃለሁ። ያኔ ምን እንጥል ነበር? ምንም።

ሥጋ ግን መላ ይፈልጋል። በዓል ሲመጣ ጎረቤቱ በሬ ገዝቶ ቅርጫ ይገባል፤ የየቤቱን መደብ ተከፋፍለን እንበላለን። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከተወሰደ በኋላ እናቴ አንድ ልማድ አመጣች። ከመደባችን ላይ ቀዩን ሥጋ ትለይና «ይሄ የልጄ ነው» ትላለች። ፍሪጁ ተነቅሏል፣ ልጁ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለዚህ ትዘለዝለዋለች፣ ጨውና በርበሬ ታሸዋለች፣ ጓዳ ውስጥ በሲባጎ ላይ ትሰቅለዋለች። ማንም አይነካውም። የሚቀጥለው ቅርጫ ሲደርስ አሮጌውን አውርዳ የቋንጣ ፍርፍር ትሠራልናለች፤ በቦታው አዲሱን ትሰቅላለች።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። ወንድሜ ያለውን አካፍሎ የሚበላ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ሆዳም ነበርኩ። ያንን ፍርፍር ቀን ቆጥሬ ነበር የምጠብቀው። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ፍርፍሩ የሚሠራው እሱ ሳይመጣ ሌላ በዓል ሲያልፍ ነበርና። እናቴ እያቀረበች እኔ ጣቴን እልስ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤ መጣ። ለፋሲካ ፈቃድ እንደሚሰጠው፣ ትንሽ ግን ሊዘገይ እንደሚችል ጽፏል። እናቴ ደብዳቤውን ጡቷ ሥር ወሽቃ በቀጥታ አዴ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። «ልጄ ከዚያ አገር መጥቶ ደረቅ ሥጋ አላበላውም። ለጥቂት ቀን ፍሪጁን ልሰካው፣ ይፍቀዱልኝ» አለቻቸው። አዴ «ራኮን ሂን ጂሩ» አሉ፣ ችግር የለም ማለታቸው ነው፤ ወዲያው ኩራዛቸውን ከመደርደሪያ አውርደው ጭሱን ይወለውሉ ጀመር።

ፍሪጁ ተሰካ። የወንድሜ ሥጋ ሳይዘለዘል ገባ። እናቴ የአውቶቡስ መግቢያ ሰዓት ሲደርስ በር ላይ ትቆማለች፤ መንገዱ ጭር ሲል ገብታ ፍሪጁን ከፍታ ሥጋውን ታያለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን እንዲህ ሆነ። በስምንተኛው ቀን አውጥታ ቢላዋዋን ሳለች። ሥጋው ቀዝቅዞ እጇን እያደነዘዘው ሁሉንም ዘለዘለችው። አላለቀሰችም። አባቴ ፍሪጁን ነቀለ፣ አዴም አምፖላቸውን አበሩ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤም ቀረ። ሰው «እርምሽን አውጪ» ማለት አልደፈረም እንጂ በሆዱ ሁሉም ይለው ነበር፤ እኔም ጭምር። እሷ ግን በየቅርጫው ሰቀለች።

ሠራዊቱ በተበተነ ጊዜ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እግሩን በጨርቅ የጠቀለለ የከሳ ሰው ግቢያችን ገባ። እኔ ለማኝ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ገና ከበሩ አወቀችው። እጁን ይዛ አስገባችው፣ ውሃ አስነካችው። የሰኔ ጾም መግባቱን ያነሳ የለም። ፍርፍሩ እስኪደርስ ብላ አንድ ቋንጣ ከሲባጎው በጥሳ ሰጠችው። እሱ አፉ አስገባው፣ አገላበጠው፣ መልሶ በእጁ ያዘው።

«እማዬ፣ ጥርስ የለኝም» አለ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

«ቁጭ በል» አለችው። ቋንጣውን ከነሲባጎው አወረደችና ሙቀጫ ውስጥ ከታ ትወቅጥ ጀመር። ዱቄት ከሆነ በኋላም አላቆመችም። ያን ሁሉ ዓመት ያላለቀሰችው ሴትዮ ዘነዘናውን እንደያዘች ጮክ ብላ አለቀሰች። ከዚያ በለጋ ቅቤ ለውሳ በእጇ ታጎርሰው ገባች። አራት፣ አምስት ጉርሻ እንደዋጠ «በቃኝ» አላት።

«የአራት ዓመት ድርሻ አለህ፤ ብላ» አለችው።