እትዬ ፈንታነሽ ያስመረመረችው አማች

እትዬ ፈንታነሽ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ ደብዳቤ ተቀብላ አታውቅም። የኃላፊው ቢሆን እንኳ ትመልሰዋለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ትላለች። እኔ ማሬ ከአጠገቧ ተቀምጬ ታይፕ እመታ ስለነበር ስንቱ ባለጉዳይ እያጉረመረመ እንደወጣ አይቻለሁ። እሷ ግን ግድም የላት። ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን ስርጉትን ያሳደገቻትም በዚሁ ጥንቃቄዋ ነው።

ስርጉት ነርስ ሆነች። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ተስፋነህ የሚባል መሬት የሚለካ ቀያሽ ሽማግሌ ላከባት። ከገሳይ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። እንደ ወጋችን፣ ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ። ሽማግሌዎቹ የእናቱን ወገን እንደ ዳዊት አነበነቡት። ወደ አባቱ ወገን ሲመጡ ግን «አባቱ በልጅነቱ ሞቷል» ብለው ዝም። እትዬ ፈንታነሽ ሽማግሌ ማሳፈር ነውር ሆኖባት እሺ አለች፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እህል አልወርድ አላት።

«አንች ማሬ፣ ገጠር ሚስት ቢኖረውስ? የአባቱን ወገን የሚደብቅ ሰው ሌላ ምን የማይደብቀው አለ?»

«ገሳይ ዘመድ ልከሽ አስጠይቂዋ» አልኋት።

«ዘመድ ይዋሻል። እኔ የምፈልገው ፈቃድ ያለው ሰው ነው።»

ባሕር ዳር ድረስ ሄደን የግል መርማሪ አገኘን። የሺዋስ ይባላል፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ከፖሊስነት በጡረታ የተሰናበተ፣ ሱፍ የለበሰ ሰው ነው። እትዬ ፈንታነሽ ፈቃዱን ከግድግዳ አስወርዳ ቁጥሩን አነበበች፤ የታደሰበትን ቀን አየች፤ ማኅተሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ መረመረች። ሰውየው እየሳቀ ያያታል። «እንከን የለውም» ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። ከስርጉት አልበም ያወጣችውን የተስፋነህን ፎቶ ሰጠችውና ወጣን።

ማንን እንደሚጠይቅ፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አልጠየቀችውም። እኔም አፌን ዘግቼ ወጣሁ፤ እስከ ዛሬ ራሴን የምረግመው በዚህ ነው። አገራችንን እናውቅ የለም ወይ! አንድ የማይታወቅ ሰው ፎቶ ይዞ መንደር ገብቶ «ይህ የማን ልጅ ነው? አሁን የት ነው ያለው?» ካለ፣ ደም ያለበትን ሰው እያሰሰ እንደሆነ ሕፃን እንኳ ይገባዋል። እኛ ሁለት ትልልቅ ሴቶች ማኅተም ስናይ ይህን ረሳነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሪፖርቱ መጣ። እትዬ ፈንታነሽ በሩን ዘግታ ቀስ እያለች ታነብልኝ ጀመር። ሚስት የለውም። ሱስ የለበትም። በሥራው የተመሰገነ ነው። ፊቷ እየፈካ ሄደ። ቀጥሎ ግን አባቱ በወሰን ጠብ ሰው ገድሎ እስር ቤት መሞቱ፣ እስካሁን እርቅ አለመውረዱ፣ ልጁም በሰባት ዓመቱ ወደ እናቱ ወገኖች ተወስዶ በእናቱ አባት ስም እንዲጠራ መደረጉ ተጽፏል።

«ውይ ልጄን!» አለች። ለተስፋነህ ይሁን ለስርጉት አልገባኝም።

በመጨረሻው ገጽ ላይ «ቃላቸውን የሰጡ ሰዎች» የሚል ዝርዝር አለ፤ ሰባት ናቸው። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። ወረቀቱን ከእጇ ነጥቄ አነበብሁት።

«አቶ ባዩ፣ የተገደለው ሰው ታላቅ ወንድም። ፎቶውን እንዳዩ አባቱን ይመስላል ብለው ለይተውታል። በጣም ተባባሪ ናቸው። ልጁ አሁን የት እንደሚሠራ ጠይቀውኝ ነግሬአቸዋለሁ።»

ተባባሪ! ደመኛውን ተባባሪ ብሎ ጻፈልን!

እትዬ ፈንታነሽ ነጠላዋ ወንበሩ ላይ እንደቀረ በአስፋልቱ መሀል ሮጠች። እኔም ከኋላዋ። ተስፋነህ ቢሮው ውስጥ ካርታ ዘርግቶ ቆሟል። ወረቀቱን ሰጠችው። አነበበው።

«እማማ፣ ፎቶዬን ከየት አገኙት?»

«ከስርጉት አልበም።»

«ሰውየው ገሳይ የሄደው መቼ ነው?»

«አምስት ቀን ሆኖታል።»

«እናቴ ስሜን የቀየረችልኝ ጊዜ፣ ማንም እስካልጠየቀ ድረስ ትኖራለህ ብላኝ ነበር» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለን ነበር። ጃኬቱን አንሥቶ በጓሮ በኩል ወጣ። ካርታውን እንኳ አልጠቀለለውም። በሩ ላይ ዘወር አለና «እባክዎ እማማ፣ ሰው ልከው እንዳያስፈልጉኝ» አላት።

በማግሥቱ ጠዋት ጋቢ የለበሱ ሁለት ሰዎች ከዚያ ቢሮ በር ላይ ቆመው «ቀያሹ ልጅ ገብቷል?» ብለው ዘበኛውን በትሕትና ጠየቁት። ይህን ከዘበኛው እንደሰማን ለፖሊስ አመለከትን፤ ግን ሰዎቹ ጠየቁ እንጂ ምን አደረጉ?

ያን ቀን ከምሳ በፊት ስርጉት የሆስፒታል ጋውኗን እንደለበሰች እኛ ክፍል መጣች። ከትናንት ጀምሮ ስልኩ ዝግ ሆኖባታል። እናቷ ሁሉንም እያለቀሰች ነገረቻትና ሪፖርቱን ሰጠቻት። ስርጉት ቆማ አነበበችው። ስለ አባቱ በተጻፈው ገጽ ላይ ትጮኻለች ብዬ ልይዛት ተነሥቼ ነበር፤ እሷ ግን እንደሚታወቅ ነገር አለፈችው። የሰዎቹን ዝርዝር ስታይ ነው ወንበር ስባ የተቀመጠችው።

«ይህን ሁሉ እኮ እሱ በተዋወቅን በወሩ ነግሮኛል» አለች። «እማየ፣ ገሳይ ድረስ ልከሽ ሰባት ሰው ስታስጠይቂ፣ እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?»