ለአክስቴ ያነበብኩላት የኦፕሬሽን ጽሑፍ

አክስቴ ከቡሌ ወደ ዲላ የመጣችው ማህፀኗ ወርዶ ኦፕሬሽን ልትደረግ ነበር። ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ግን «ምኔ እንደሚቆረጥ ሳላውቅ አልፈርምም» አለች። ከቤተሰቡ እንግሊዝኛ የምችለው እኔ ነኝ፤ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ስለ ዳሌ አካባቢ ኦፕሬሽን የተጻፈ ዘጠኝ ገጽ ፕሪንት አስደርጌ መጣሁ። ለበሽተኞች የተዘጋጀ ነው ይላል። አንዱ ዓረፍተ ነገር ከዲላ ተነስቶ ገደብ ከተማ እስኪደርስ አራት ነጥብ አያገኝም። ስላልገባኝ ጥልቅ መሆኑን ተረዳሁና በአክብሮት መተርጎም ጀመርኩ።

ደመናው ክፍሉን አጨልሞታል። ባሏ ጋሽ በቀለ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል።

«በሽተኛው ሽንቱ ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል» አልኩ።

«ሲሄድ ደግሞ እምቢ ይለዋል» አሉ ጋሽ በቀለ።

ገጹን ስገልጥ እንዳሉት ተጽፏል። ወረቀቱን ከዓይናቸው ዞር አደረግሁት። ጋሽ በቀለ እንኳን እንግሊዝኛ፣ ፊደልም አልቆጠሩ።

«ከዚያስ?» አለች አክስቴ።

አፌን ሳልከፍት «ወገቡን ይይዘዋል» አሉ፣ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው። እሱም ተጽፏል።

«እኔ እኮ ይሄ ሁሉ የለብኝም» አለች አክስቴ።

«ስላልገባሽ ነው» አልኳት።

ነርሷ ገብታ ወረቀቱን አየችና «ይሄ የወንዶች ኦፕሬሽን ነው» አለችኝ። ወደ አክስቴ ዞራ «እማማ፣ የወረደውን እናወጣዋለን፣ የላላውን እንሰፋዋለን» አለቻት። አክስቴ ወዲያው ፈረመች።

ጋሽ በቀለ ቀስ ብለው ተነስተው አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሰውየው ይድናል?»