በሩን ከውስጥ የያዝንበት ዓርብ

ይህ ነገር የደረሰብን የሱዳኑ ጦርነት ከመነሳቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ፋሲካ ባለፈ በመጀመሪያው ዓርብ፣ ካርቱም ውስጥ ነው። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ግማሹ ቀልድ አድርጎታል፣ ግማሹ ተአምር አድርጎታል። ቀልድም ተአምርም አልነበረም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ጽሑፌ ሸካራ ሊሆን ይችላል፣ ያየሁት ላይ ግን አልጨምርም። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ጭሱ አይደለም። በሩ ከፊታችን እያለ አለመውጣታችን ነው።

ካርቱም ውስጥ ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። ሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩ ሴቶቻችን ሳምንቱን ሙሉ ከግቢ አይወጡም፤ ዓርብ ከምሳ በኋላ ይለቀቃሉ። ባለቤቴ ዘነቡም ሪያድ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራ ነበር። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ሴትዮ ቆልፋበታለች። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የላትም። እኔ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ ያገለገለ ጫማ እሸጥ ስለነበር፣ ኢቃማውን በስንት ደጅ ጥናት አውጥቻለሁ።

ዘነቡ የምትፈራው ከሻን ነው። ከሻ ማለት ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሰው ከመንገድ፣ ከሻይ ቤት፣ ከመኝታው ሳይቀር እየለቀመ መኪና ላይ የሚጭንበት አፈሳ ነው። የተያዘ ይታሰራል፤ ከዚያ ድንበር ወስደው ይጥሉታል።

ያን ዓርብ፣ ኮሚቴ ነን የሚሉ ሰዎች ለፋሲካ ዝግጅት አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ተከራዩ። ከአዲስ አበባ ዘፋኝ መጥቷል ተባለ። ሲኒማ ቤቱ ፊልም ማሳየት ከተወ ቆይቷል። የወንበሮቹ ስፖንጅ ወጥቷል፤ የመድረኩ መጋረጃ ቢነኩት አቧራ ይተፋል። መስኮት የሚባል የለውም። በግራና በቀኝ አንድ አንድ መውጫ በር ነበረው፤ ሁለቱም በሰንሰለት ተጠፍረው በጓጉንቸር ተቆልፈዋል።

ቲኬት የሚቆርጠውን ሰው «ይሄ ለምን ተቆለፈ?» አልኩት።

«በነጻ የሚገባ በዝቶ ነዋ ጋሼ። እርስዎ ከፍለው ሌላው በጎን ሲገባ ደስ ይልዎታል?»

«ቁልፉስ የት ነው?»

«ሰብሳቢው ጋ።»

«ሰብሳቢውስ?»

«ዘፋኙን ሊያመጣ ሄዷል።»

የእኛ ሰው ድግስ ሲደግስ መጀመሪያ የሚያስበው ማን እንዳይገባ ነው። የገባው በምን እንደሚወጣ የሚያስብ አላየሁም።

ዘግይተን ስለደረስን ቦታ አጣን። መሀል ላይ ግን ቶብ የለበሰች፣ ያን የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉትን ረጅም ልብስ የለበሰች ወጣት ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ግራና ቀኟ ባዶ ነው። በስልኳ ዐረብኛ ስታወራ ስለሰሟት አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፍቷል። ከኋላ አንዱ «የፖሊስ ጆሮ ነች» ሲል ሰማሁት። እሷም ሰምታዋለች፤ አንገቷን ስትሰብር አየሁ።

ዘነቡ ሄዳ አጠገቧ ዘፍ አለች። እግሯ ያብጣል፤ ወንበር አታማርጥም።

ልጅቷ ሰልማ ትባላለች። እናቷ የጎንደር ሴት፣ አባቷ ሱዳናዊ፣ እሷ እዚያው ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች። እናቷ በሕይወት ሳለች ለፋሲካ ይዛት ትመጣ ነበር። አሁን ብቻዋን ትመጣለች።

«ወላሂ ኻልቶ፣ የእኔ አማርኛ ስብርብር ነው፤ እንዳትስቂብኝ» አለቻት ዘነቡን። ኻልቶ አክስቴ ማለት ነው።

«የእኔም ዐረብኛ ከማድ ቤት ወጥቶ አያውቅም፤ አንቺም እንዳትስቂ» አለቻት ዘነቡ። ሁለቱም ሳቁ።

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። «ኑር ሄደ!» አለ አንዱ፤ መብራቱን ኑር ነው የምንለው።

«ዘፋኙም እንዳይሄድብን!»

«መቼ መጣና!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ወዲያው ጄኔሬተር ተነሳ። ውጭ ብናቆመው ይሰረቃል ብለው ከመድረኩ ጀርባ፣ ከዚያ መጋረጃ ሥር፣ ከነቤንዚን ጀሪካኑ ነበር ያቆሙት። ጥቂት አጓራና ጸጥ አለ። ቀጥሎ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሸተተን። ሰዎች የስልካቸውን መብራት ሲያበሩ ጭሱን አየነው። ጥቁር ነው፤ ከመድረኩ እየተንከባለለ ወደ እኛ ይመጣል።

ሰው ወደ ጎን በሮቹ ሮጠ። ሰንሰለቱን ሲያገኝ ተመልሶ ወደ ዋናው በር ሮጠ። አንዲት ሴት ወድቃ እየረገጧት ስትጮኽ ይሰማኛል። እኔ ዘነቡን ከመተላለፊያው አውጥቼ በወንበሮቹ መሀል አድርጌ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ወሰድኳት። ሰልማ የዘነቡን ነጠላ ጫፍ ይዛ ተከተለችን።

በሩ ጋ ስንደርስ፣ በነጻ የሚገባ እንዳይኖር ከውስጥ የተወረወረውን መወርወሪያ ሊስብ አንድ ሰው እጁን አሳርፏል። በዚያው ቅጽበት በሩ ከውጭ ተደበደበ። በብረት ነው የሚደበድቡት። የብዙ ወንዶች ድምፅ «ኢፍተሑ አል-ባብ!» ይላል። በሩን ክፈቱ ማለት ነው።

ሰውዬው እጁን ከመወርወሪያው ላይ ነጠቀ።

«ከሻ!» አለ አንድ ድምፅ።

ይህች አንዲት ቃል ያን ሁሉ ሕዝብ አቆመችው። ወደ በሩ ሲጋፋ የነበረው ወደ ኋላ መጋፋት ጀመረ። ጌጡ የሚባል፣ ሱቅ ዐረቢ ጭነት የሚያወርድ፣ ትከሻው ለሁለት ሰው የሚበቃ የማውቀው ሰው አለ። መጥቶ ጀርባውን በሩ ላይ ለጠፈ። ሌሎችም ተጨመሩበት።

«ጌጡ፣ ምን ነካህ፣ ጭስ እኮ ነው!» አልኩት።

«ጭሱ ይወጣል። እኔን ከያዙኝ ማን ያወጣኛል? ይህን አገር በመተማ በኩል ሁለቴ በእግሬ ገብቼበታለሁ። አንተ ምን አለብህ፣ ኢቃማህን ኪስህ ከተህ ትፎክራለህ!»

«ሐሪቃ እያሉ ነው፣ እሳት ነው እያሉህ ነው፣ አትሰማም?»

«እኛ ሰፈርም ፖሊሶቹ የመብራት ቆጣሪ ልናይ ነው ብለው ነው ያስከፈቱን። ከዚያ ቤት ማን ቀረ?»

ያለው እውነት ነው፤ ያን ቤት አውቀዋለሁ።

ዘነቡን ዞሬ አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታፍናለች። የሷ ደረት በበረኪና ያለቀ ነው፤ በደህናው ቀን እንኳ ደረጃ ስትወጣ ያፏጫል። «እንወጣለን፤ ተደባድቤም ቢሆን አስከፍተዋለሁ» አልኳት።

«አንተ ውጣ።»

«አንቺስ?»

«እኔ አልወጣም። ጭሱ ይሻለኛል።»

በቁጣ አይደለም ያለችው። ገበያ ላይ ሁለት ዕቃ አይታ አንዱን እንደምታነሳ ሴት ነው። ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ፍርሃቷ ይህን ያህል መሆኑን አላውቅም ነበር። እጇን ይዤ ብጎትታት ወደ ውስጥ ትጎትተኛለች። እዚያ እሳት ነው፤ እዚህ እኔ ነኝ። እሷ የምትሸሸው ግን በሩን ነው።

ያኔ ሰልማ ሰዎቹን በክርኗ እየገፋች ሄዳ ጌጡ ፊት ቆመች።

«ስማኝ ያ አኹይ» አለችው፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «እኔ የዜግነት ወረቀት አለኝ፣ ሱዳን ነኝ። ፖሊስ ቢሆን ምንም አይለኝም። እኔን ብቻ አውጣና ዝጋው። አይቼ እነግርሃለሁ።»

«ልትሸጠን ነው!» አለ ያ ቅድም «የፖሊስ ጆሮ ነች» ያለው ሰው።

«ትውጣ፣ ትሂድ፣ ምን ጎደለብን!» አለች አንዲት ሴት።

ጌጡ በሩን በጎን የሚያሾልክ ያህል ከፈተው። ጨለማ ውስጥ ለነበርነው ብርሃኑ ዓይን ያሳውራል፤ ከጥላ በቀር ያየሁት የለም። ሰልማ ሾልካ ወጣች። ቶሎ ከመዝጋቱ የተነሳ የቶቧ ጫፍ በሩ ላይ ተያዘ፤ ከውጭ ሆና ስትጎትተው ቀስ እያለ ሲያልቅ አየሁት።

ጥቂት ቆይቶ ድምጿ መጣ። «ፖሊስ የለም! እሳት ነው! ውጡ! ኻልቶ፣ ውጪ!»

ማንም አልተነቃነቀም።

«አስገድደዋት ነው» አለ አንዱ።

«አላልኳችሁም? የእነሱ ናት» አለ ያ ሰውዬ።

እኔ ጌጡን በጉልበት ልፈነቅለው ሞከርኩ። በአንድ እጁ መለሰኝ። ጭሱ ከጣሪያው ወርዶ ደረታችን ደርሷል። የቆመው ሁሉ እያሳለው መቀመጥ ጀመረ። ዘነቡ ከእግሬ ሥር ተንበርክካለች፤ የምትተነፍሰው እየቆራረጠች ነው። ስሟን ብጠራት ራሷን ነቀነቀችልኝ እንጂ መናገር አልቻለችም። ያኔ ባለቤቴ ዓይኔ እያየ ልትሞትብኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

በሩ ተንኳኳ። አሁን በጣት ነው።

«ጌጡ። እኔ ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ። አስገባኝ።»

«ምን አለች?» አለ ከበሩ ራቅ ያለ ሰው።

«አስገቡኝ ነው የምትለው።»

«ወዴት?»

«ወደዚህ ነዋ!»

ጌጡ ከፈተላት። ከንጹሕ አየር ተመልሳ ወደዚያ ጭስ ገባች። እያሳላት ሰውን አልፋ መጣችና ዘነቡ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ኻልቶ ካልወጣች እኔም አልወጣም» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ጌጡ ለአፍታ አያት። ከዚያ ጀርባውን ከበሩ ላይ አነሳና «ክፈቱት» አለ። ራሱ በርግዶ ከፈተው።

ውጭ የነበሩት የሲኒማ ቤቱ ሽማግሌ ዘበኛ፣ ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ነጂዎችና እዚያ ደጅ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ናቸው። በሩን የደበደቡት ዘበኛው በያዘው የብረት ዘንግ ነው። ሴትዮዋ በመጠጥ ውሃዋ ጨርቅ እያራሰች ፊታችንን ጠረገችልን። ከነጂዎቹ ሁለቱ ተመልሰው ገብተው ያችን የተረገጠች ሴት ተሸክመው አወጧት። እግሯ ተሰብሯል። የሞተ ሰው የለም። የሞተ ስለሌለም ነገሩ በሳምንቱ ተረሳ።

ሰብሳቢው ዘፋኙን ይዞ የደረሰው ያኔ ነው። ከመኪና ወርዶ ጭሱን አየና ራሱን ይዞ፣ «ቁልፉ እኮ እኔ ኪስ ነበር! ምናለ ብትደውሉልኝ?» አለን። እኔ የሚመጥነው ስድብ ጠፍቶብኝ ተውኩት።

ዘነቡ ትንፋሿ ሲመለስላት ሰልማን፣ «አንቺ ልጅ፣ ከወጣሽ በኋላ ለምን ተመለስሽ?» አለቻት።

«ከውጭ ስጠራ ታምኑኝ ነበር?» አለች ሰልማ። ፊቷ በጥላሸት ጠቁሯል። «አታምኑኝም። እናቴም ለሰው ሁሉ ‹ልጄ ናት፣ ልጄ ናት› ስትል ኖራለች፤ አያምኑም። ሌላ ምን ላድርግ?»

ዘነቡ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። እኔ «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አልኳት፤ በጣም ትንሽ ነገር ነው።

ፖሊስም መጣ። የእሳት አደጋ መኪናውን ተከትሎ ነው የመጣው። ሰልማ መኪናውን ከሩቅ አይታ «ያላ፣ ያላ!» እያለች እኔንና ዘነቡን አንድ ረክሻ ውስጥ ገፍታ ከተተችን። እሷ እዚያው ቀረች። ጌጡ ለተሰበረችው ሴት እግር ማሰሪያ ሲፈልግ ተያዘ። ዛሬ ስለ እሱ ሲወራ፣ ፈሪ ነበር፣ በፍርሃቱ ሊያስፈጀን ነበር ይላሉ። ሊያስፈጀን እንደነበረ አልክድም። ግን የፈራው ነገር በዚያው ቀን መጥቶ ወስዶታል። እሱ የተሳሳተው ሰዓቱን ብቻ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጥቶ ሁላችንንም በታተነን። እኔና ዘነቡ አሁን እዚያው ሱዳን፣ ወደ ድንበሩ ባለችው ገዳሪፍ ነን። የሰልማ ስልክ አይሠራም። በሄደ በመጣ ሰው እናስጠይቃለን፤ እስካሁን አየኋት ያለን የለም።

ሰው በተሰበሰበበት፣ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ከመቀመጤ በፊት ዞሬ በሮቹን አያለሁ። የተቆለፈ ካለ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ካልተከፈተ አልቀመጥም። ነገረኛ ሽማግሌ ይሉኛል። ይበሉኝ። ለዘነቡም ጭስ ሲመጣ ዝቅ ብላ እንድትሄድ፣ ሰው ወደ አንድ በር ሲጎርፍ ሌላ በር እንድትፈልግ ስንቴ ነግሬያታለሁ። ታዳምጠኛለች።

ባለፈው ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ተቀምጬ፣ «ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ፣ በሩን ቢደበድቡት፣ ትወጫለሽ?» አልኳት።

ቢላዋዋን ሳታቆም፣ «የጠራኝን ሰው አይቼ» አለችኝ።

ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት። ወረቀት ዛሬም የላትም።