ሳንበላው የሸተተን ነጭ ሽንኩርት

የመጀመሪያው ምልክት ሽታ ነበር። ባይሽ በምትባል የዓረብ አገር ከተማ በግ እርባታ ላይ ስንሠራ፣ ነጭ ሽንኩርት ካየን ሰንብተን ሳለ ትንፋሼ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይል ጀመር። ከየመን አብሮኝ የተሻገረው የወሎው ልጅ ሰይድም እንደኔው ሸተተ። «ተኝተን ሳለን የሚያጎርሰን ሰው አለ እንዴ?» እያለ ይቀልድ ነበር።

ነገሩ ከገዛ ኩባያችን ነው። አሠሪያችን፣ እዚያ ከፊል ይባላል፣ በመኖ ላይ የሚነሰነስ ዱቄት ለበጎቹ ያመጣል፤ ስሙን ቫይታሚን ይሉታል። የከሳች በግ በእሱ ስታገግም በዓይናችን አይተናል። እኛን ደግሞ የበረሃው መንገድ አጥንታችንን ብቻ አስቀርቶልናል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሰይድ ጠዋት በወተት በጥብጦ አቀረበልኝ።

«በግን ያቆመ እኛን ይገድለናል እንዴ? ያላ፣ ጠጣ!»

ጸጉሬ ማበጠሪያው ላይ ቀረ። ጥፍሮቼ ነጡ። ከሥራቸው ተነቀሉ። ድካም ነው አልን። ዱቄቱን ጨመርን። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት፣ የሌለው ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም፤ ያለን መድኃኒት እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት በረት ውስጥ ወደቅሁ። ከፊሉ በመኪናው ጭኖ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። ሐኪሙ ትንፋሼን አሸተተ። ጣቶቼን አየ። የምጠጣውን ነገርኩት።

«የመረዘህ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ሴሌኒየም የሚባል ማዕድን ነው» አለ። «ማርከሻ የለውም። መተው ብቻ ነው። ሌላ የጠጣ ሰው አለ?»

«ሰይድ አለ» አልኩ። መያዙን ፈርቼለት ነበር፤ ሞቱን ግን የበለጠ ፈራሁ። ሊያመጡት መኪና ላኩ።

አንዲት ሱዳናዊት ነርስ እጄን እያጠበች ቀስ ብላ እንዳስረዳችኝ፣ ዱቄቱ በተሠራበት እርሾ ውስጥ ያለው ሴሌኒየም፣ ሴሌኖሜቲዮኒን የሚሉት፣ ድኝን ስለሚመስል ሰውነት ሳይለየው ጸጉርና ጥፍር በሚሠራበት ቦታ ያስገባዋል፤ እንደ ድኝ አጥብቆ ስለማይዝ ግን ሁሉም ይላቀቃል። የተረፈው ደግሞ ዳይሜቲል ሴሌናይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ ሽታችን እሱ ነበር። እኔ እንዲህ እየተማርኩ፣ ሾርባው እየጣመኝ፣ ጥፍሬም ከሥሩ ለስለስ ብሎ ብቅ ሲል እያየሁ፣ ሰይድ ለምን አልመጣም እያልኩ እጠይቅ ነበር።

ሰይድ የሐኪም ቤቱን መኪና መብራት ሲያይ ሹርጣ፣ ፖሊስ፣ መሰለው። ወደ ተራራው ሸሸ። ዱቄቱን ለመንገድ ስንቅ ይዞት ሄደ። ፈይፋ በሚባለው በዚያ ተራራ ላይ ቡና የሚለቅሙ የአገራችን ልጆች ነፍሱ ሳትወጣ ወድቆ አገኙት፤ ይህን ነግሯቸው ሞተ። ቀበሩት። ስልክ ደውለው ነገሩኝ። አለቀስኩ፤ ዛሬም አለቅሳለሁ።

ለከፊሉም፣ ለሐኪሙም፣ ለነርሷም አላህ ይስጥልኝ። እናንተ፣ ትንፋሻችሁ ያልበላችሁትን ከሸተተ፣ ለከብት የመጣውን ለከብት ትታችሁ ፈጥናችሁ ሐኪም ዘንድ ድረሱ። ወደኋላ የቀረ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ፣ አደራ፣ መኪና ብቻ አትላኩለት። የሚያውቀው ሰው ከፊት ይቀመጥ፤ ከሩቅ ጀምሮ በስሙ ይጥራው።