ያላበው ግድግዳ

እርጥብ ጭቃ በሸተተኝ ቁጥር፣ በደርግ ዘመን ልደታ የነበረው የቀበሌ ቤታችን ከነጠባብ መታጠቢያ ቤቱ ተመልሶ ይመጣብኛል። ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ተለይታ፣ የአባቴ አክስት እማማ ጥሩነሽ የሚተኙባት ክፍል ነበረች። እኔም አብሬያቸው እተኛ ስለነበር፣ በበጋ፣ ውጪው አቧራ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በትራሳችን በኩል ዝናብ ዝናብ የሚል ሽታ ይመጣ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ሳሸተው፣ ክረምት ግድግዳው ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቀን ይመስለኝ ነበር።

እማማ ጥሩነሽ ግን ጸበል ፈለቀልኝ ብለው አምነው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቀለሙ ያበጠውን ቦታ ተሳልመው፣ እርጥበቱን በመዳፋቸው እየጠረጉ ጉልበታቸውን ያሹ ነበር፤ ተሻለኝም ይሉ ነበር።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር አባቴ ግድግዳውን አንኳኳው። ከላይ ጠንካራ ድምፅ ሰጠ፣ ከታች ግን ድምፁ ታፍኖ ጣቱ ሰመጠ።

«እማማ፣ ይሄ ጸበል አይደለም፣ የሚያፈስ ቧንቧ ነው። ክረምት ሲገባ እላይዎ ላይ ይናዳል። አልጋዎን እናንሳው።»

«ካድሬ ሆንክብኝ! ትናንት ያዘልኩህ ልጅ ዛሬ ጸበሌን ልትነጥቀኝ?»

አባቴ የቤቱን ቧንቧ በሙሉ ዘግቶ፣ እጃቸውን ይዞ ወደ ውሃ ቆጣሪው ወሰዳቸው። የሚቀዳ ሰው ሳይኖር፣ ቆጣሪው ቀስ እያለ ይዞር ነበር።

«ጸበል በቆጣሪ ይመጣል እንዴ፣ እማማ?»

እማማ ጥሩነሽ አጎንብሰው የቆጣሪውን መዞር አዩ። ኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁና፣ «አይ እኔ! በመንግሥት ውሃ ነው ለካ የዳንኩት!» አሉ።

አልጋችን ተነስቶ ግድግዳው ሲፈርስ፣ ማገሩ በስብሶ በእጅ ይፈረካከስ ነበር፤ በትራሳቸው በኩል ያለው ምሰሶም ከሥሩ አልቆ ነበር። ከቧንቧው መገጣጠሚያ አንዲት ጠብታ እያበራች ትወርድ ነበር፤ ቆንጆ ነበረች።

ክረምቱ ሲመጣ አዲሱ ግድግዳ ደርቆ ጠበቀው። ከመስከረም ጀምሮ እማማ ጥሩነሽ በየወሩ ልደታን ተሳልመው ሲመለሱ፣ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ያቆዩና «ደረቅ ነው፣ ተመስገን» ይሉ ነበር፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ትንሽ ቅሬታ የነበረ ይመስለኛል።

ዛሬ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የመታጠቢያ ቤቴ ሴራሚክ ያብረቀርቃል፣ ከጀርባው ያለውን ግን አይናገርም። ስለዚህ ወር በገባ በልደታ ቀን ቧንቧውን ሁሉ ዘግቼ ቆጣሪውን አያለሁ፤ ቆሞ ሳገኘው ደስ ይለኛል። ከዚያ መዳፌን ቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ አሳርፌ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ጠጋ ብዬ አሸተዋለሁ።