ፍሬሐ ቦታ መልቀቅ የተማረችበት ዘመን

ፍሬሐ እርጅና ከተጫናት በኋላ በገሊላ ተራራ ላይ ያለችውን የድሮዋን ጽፋት ስታስብ መጀመሪያ የሚመጣላት ድምፅ ነው። በድንጋይ ደረጃው ላይ የአህያ ኮቴ፣ የቆርቆሮ ቀጥቃጩ መዶሻ፣ ከየምኩራቡ መስኮት የሚወጣው የንባብ ዜማ፣ ከሁሉም በላይ ግን የገዛ ራሷ ጩኸት። «የኔማ ድምፅ ያኔ ከተራራው ማዶ ይሰማ ነበር» ትላለች እየሳቀች። እውነቷን ነው። የሰፈሩ ሰው «ፍሬሐ አታወራም፣ ትዘንባለች» ይላት ነበር።

ከሞሮኮ በረሃ ዳር፣ ከታፊላልት፣ ከባሏና ከአንድ ልጇ ጋር መጥታ በታችኛው ሰፈር ባለ አንድ ክፍል ቤት ገባች። ሥራዋ ፍራሽ ነው። የተጋገረውን የበግ ፀጉር ከፍራሹ ታወጣና ግቢ ውስጥ በደጋን ትነድፈዋለች፤ ሲለሰልስና ሲነፋ መልሳ ሞልታ ትሰፋዋለች። ባሏ በመጡ በሦስተኛው ክረምት በሳንባ ምች ሞተ። ከዚያ ወዲያ ያላት ልጇ ያይሽ ብቻ ሆነ፤ ያላትን ሁሉ በሱ ላይ አፈሰሰች።

አፈሰሰች ስንል እንዲሁ አይደለም። ሸሚዙን የምትመርጥለት እሷ ናት። ሃያ ዓመት ሞልቶት እንኳ መንገድ ላይ ሰው «ያይሽ፣ እንዴት ነህ?» ሲለው «ደህና ነው፣ ትንሽ ሳል ይዞት ነበር» ብላ የምትመልሰው እሷ ናት። ዳቦ ጋጋሪው ሥራ ሊሰጠው ቢመጣ፣ «ዱቄት ለልጄ ደረት አይስማማውም» ብላ ከበር መለሰችው። ያይሽ ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

በሳምንቱ ልብሱን በከረጢት አድርጎ በሩ ላይ ቆመ።

«ወዴት ነው?»

«ሃይፋ። ወደብ ላይ ሥራ አግኝቻለሁ።»

«ወደብ! አንተ? ባሕር አይተህ ታውቃለህ? ማን ያበስልልሃል? ማን...»

«እማዬ» አለ በቀስታ፣ «እዚህ ቤት ያለውን አየር ሁሉ የምትተነፍሺው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሄደ። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሁለት ፖስት ካርድ ላከ። ሁለቱም ላይ የተጻፈው አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ። ያይሽ።»

ፍሬሐ አለቀሰች፣ ጾመች፣ የጻድቃኑን መቃብር ሁሉ አዳረሰች። በመጨረሻ ረቢ ማክሉፍ ዘንድ ሄደች። ረቢ ማክሉፍ ያገሯ ሰው ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ድስትና ማንቆርቆሪያ ይጠግናሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሰማያዊ ቀለም በተቀባች ትንሽ ክፍል ውስጥ ለተሸካሚውና ለጫማ ሰፊው ካባላ የሚባለውን የአይሁድ የምሥጢር ትምህርት ያስተምራሉ። ያኔ በጽፋት ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። ተሸካሚው ከጀርባው ጭነቱን አራግፎ ስለ ላይኛው ዓለም ብርሃን ሊከራከር ይቀመጣል።

«ረቢ፣ ክታብ ይጻፉልኝ። ልጄን የሚመልስ ጠንካራ ክታብ።»

ረቢ ማክሉፍ የሚበይዱትን ማንቆርቆሪያ አላስቀመጡም። «ክታብ አልጽፍም። ግን ፍራሼ ጎድጉዶ ጎኔን ጨርሶታል። ነገ ከሰዓት መጥተሽ ንደፊልኝ።»

ፍሬሐ ተናደደች፤ ቢሆንም ሄደች። ለረቢ እምቢ አይባልም። ከሰማያዊዋ ክፍል መስኮት ሥር፣ ከእንጆሪው ዛፍ ጥላ ተቀምጣ ደጋኗን ስታስጮህ የረቢ ድምፅ ከውስጥ ይመጣል።

«ዓለም ሳይፈጠር በፊት የፈጣሪ ብርሃን ሁሉን ሞልቶት ነበር። ለሌላ ነገር መቆሚያ የለም። ታዲያ ምን አደረገ? ብርሃኑን ሰበሰበ። ወደ ራሱ ሸሸግ አለና ባዶ ቦታ ተወ። እኔም አንተም፣ ይህ ተራራም የቆምነው እሱ በለቀቀልን ቦታ ላይ ነው።»

ተሸካሚው ማይሞን ጠየቀ፤ «ከፍቅሩ ብዛት አይደል እንዴ የሞላው? መራቁ ጭካኔ አይሆንም?»

«ሞልቶ መቀመጥማ ቀላል ነው» አሉ ረቢ። «ፍቅር ከባድ የሚሆነው ሌላው ይኖር ዘንድ ቦታ ስትለቅለት ነው።»

የፍሬሐ ደጋን ዝም አለ። ከዚያ ራሷን በመስኮቱ አስገባች። «ረቢ! ይሄን ለኔ ነው የሚሉት!»

«አንቺ ማነሽና? የማወራው ስለ ዓለም ፈጣሪ ነው።» ወንዶቹ በሳቅ ፈነዱ።

«ስለ ፈጣሪ ከሆነ መስኮቱን ይዝጉት!»

«መስኮቱስ ይዘጋል። ጆሮሽንስ ማን ይዘጋዋል?»

ፍሬሐ ደጋኗን አንጠልጥላ፣ የበጉን ፀጉር ግቢው ላይ እንደተበተነ ትታ ወጣች። አንድ ሳምንት ሙሉ አልተመለሰችም። በስምንተኛው ቀን የረቢ ሚስት ገበያ ላይ አግኝታት፣ «ሽማግሌው ባዶ ጣውላ ላይ እየተኛ ነው፤ ሌላ ሰፊ እንጥራልህ ብለው ‘ፍሬሐ ትመጣለች’ ይለኛል» አለቻት። ፍሬሐ መሬት ብትሰነጠቅላት ትገባ ነበር። በዚያው ቀን ተመለሰች።

«ፍራሹን ልጨርስ ብቻ ነው የመጣሁት» አለች በመስኮቱ።

«እኔስ ሌላ ምን አልኩ?»

ነደፈች፣ ሞላች፣ ሰፋች። የመጨረሻዋን ክር ስትበጥስ ግን እምባዋ መጣ። «ረቢ፣ ምን ላድርግ?»

ረቢ ማክሉፍ ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደገፉ። «በቀን አንድ ቃል። አፍሽ ላይ ከደረሰው ሁሉ አንዱን ብቻ ተዪው። በተውሽው ቦታ ምን እንደሚበቅል ደግሞ ተመልከቺ።»

አንድ ቃል! ቀላል መስሏት ነበር። መጀመሪያ ቀን ማታ ስታስበው አንድም አልተወችም። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ሦስተኛው ቀን ሽፍራ ዘንድ አይብ ልትገዛ ሄደች። ሽፍራ ከጽፋት ነባር ቤተሰቦች የተወለደች አይብ ሠሪ ናት፤ አይቧ ጨው ይበዛበታል፣ ፍሬሐም ስምንት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ «ባሕሩን ሁሉ ጨመርሽበት?» እያለች ስትሰድባት ኖራለች። ያን ቀን ቀምሳ ዝም አለች።

ሽፍራ ጠበቀች። «ምነው? ሰው ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«አይቡ እንዴት ነው?»

ዝም።

«ፍሬሐ፣ በእናትሽ ተሳደቢ! ታስፈሪኛለሽ!»

ፍሬሐ ከንፈሯን ነከሰች። ሽፍራም ቢላዋዋን አስቀምጣ ቀስ ብላ ተናገረች። «በዛ፣ አይደል? አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ክፉ ትኩሳት ይዞኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምላሴ ጨው አይለይም። በግምት ነው የምጨምረው። ለባሌም አልነገርኩት።»

ስምንት ዓመት! ፍሬሐ አይቧን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ ደጋግማ አሰላችው። ስምንት ዓመት ይህች ሴት ልትነግራት አፏን ከፍታ፣ በሷ ጩኸት ሳትናገር ቀርታ ይሆን? ከዚያ ቀን ጀምሮ አይቡ ተሠርቶ ሳይሸጥ በፊት ፍሬሐ እየሄደች ትቀምስላት ጀመር።

ክረምቱን እንዲህ አሳለፈች። አንዳንድ ቀን ይሳካል፣ አንዳንድ ቀን የቀረው ቃል በማግስቱ አሥር ሆኖ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ሥራ ቢኖራትም ባይኖራትም እንጆሪው ሥር መቀመጥ ለመደች። በሁሉ ነገር ውስጥ የወደቀ የብርሃን ብልጭታ እንዳለ፣ ሰውም የተፈጠረው ያን ለማንሳት እንደሆነ የሰማችው እዚያ ነው። ወንዶቹም ለመዷት፤ ማይሞን እንደውም ትምህርቱ ሲያመልጠው በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ፍሬሐ፣ ትናንት ምን አሉ?» ይላት ነበር።

በጸደይ ከያይሽ ደብዳቤ መጣ። የሚያገባትን ልጅ ይዞ ሊመጣ ነው። ጊዘላ ትባላለች፣ ከሃንጋሪ ናት፣ የአውሮፓው ጦርነት ከዘመዶቿ ማንንም አላስቀረላትም። ሰፈሩ ታመሰ። «ከነዚያ ዓሣ ላይ ስኳር ከሚነሰንሱት የአውሮፓ ሰዎች? ያገርሽ ልጅ ጠፍቶ?» አሏት። ፍሬሐ ደረቷ ውስጥ አሥር ጥያቄና ሃያ ምክር አዘጋጀች።

ዓርብ ቀትር ላይ መጡ። ልጅቷ ቀጭን ናት፣ እጇን የት እንደምታደርገው የጠፋት። ፍሬሐ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የሠራችውን ዓሣ አቀረበች። ጊዘላ አንዴ እንደጎረሰች ፊቷ ቀልቶ እምባዋ ወረደ፤ ግን ዋጠችው፣ ደግሞም ጎረሰች። «ይሄ እንኳ ያቃጥልሻል?» የሚለው ቃል የፍሬሐ ጥርስ ላይ ደረሰ። ቀና ስትል ያይሽን አየችው። ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው ትከሻውን ሰብስቦ ነበር የተቀመጠው።

ቃሉን ተወችው። ዳቦውን ወደ ጊዘላ ገፋ አደረገችና ወደ ልጇ ዞረች።

«ሥራው እንዴት ነው?»

ጠየቀችና ጠበቀች። ያይሽም እሷ እንድትመልስለት ጠበቀ። ከዚያ ያይሽ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። ብየዳ መማሩን፣ መጀመሪያ ክሬኑን እንዴት ይፈራው እንደነበረ፣ ከጊዘላ ጋር አውቶቡስ ጥበቃ ቆመው እንዴት እንደተዋወቁ አወራ። ፍሬሐ ልጇ እንዲህ ተጫዋች መሆኑን አታውቅም ነበር። ሲስቅ ሳቁ የአባቱ ነው።

በኋላ ስለ አባቱ ተነሳና ድምፁ ተቀየረ። «አባዬ ሲሞት እኔ አላለቀስኩም፤ ታስታውሻለሽ? ሰዉ ሁሉ ልበ ደንዳና አለኝ። እኔ እኮ ያላለቀስኩት፣ እማዬ፣ ካንቺ ለቅሶ የተረፈ ቦታ ስላጣሁ ነው።»

ፍሬሐ ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች። ማስተባበያው፣ እሪታው፣ «እኔ ለአንተ ብዬ» የሚለው ሁሉ መጣ፤ መጥቶም አለፈ። «አሁን አለ» አለች ብቻ። ያይሽ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ጊዘላ እጇን ጀርባው ላይ አደረገች። ፍሬሐ ልታቅፈው እየጓጓች ባለችበት ተቀመጠች።

አመሻሹ ላይ እንደ ከተማው ልማድ ሰንበትን ሊቀበሉ ወደ ሜዳው ጫፍ ወጡ። ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው ይዘምራሉ፤ ፀሐይዋ ከሜሮን ተራራ ጀርባ ትገባለች። ፍሬሐ ያን ምሽት እስከ ዛሬ ታየዋለች። ያን መሳይ ብርሃን ከዚያ ወዲህ አልመጣም ትላለች፤ ምናልባት መጥቶ ይሆናል፣ እሷ ግን አላየችም።

ፍሬሐ ከዚያ በኋላ መልአክ ሆነች የሚል ካለ አላወቃትም። ሠርጉን በሃይፋ አሳለፈች፣ እንደምንም አፏን ይዛ። የልጅ ልጇ ሲገረዝ ግን ስሙን እኔ ካላወጣሁ ብላ እንግዳው ሁሉ ፊት ጮኸች። በማግስቱ አፍራ ረቢ ዘንድ መጣች።

«ረቢ፣ እኔ ይሄን ትምህርት መቼ ነው የምጨርሰው?»

«እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው» አሉ ረቢ ማክሉፍ። «ዛሬ ጠዋት በሻይ ምክንያት ምን እንዳልኳት እስቲ ሚስቴን ጠይቂያት።»

ለያይሽና ለጊዘላ የሚላከውን የይቅርታ ደብዳቤ ማይሞን ጻፈላት። ረቢ ማክሉፍ ከዚያ በሦስተኛው ዓመት፣ የዳስ በዓል ካለፈ በኋላ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሞቱ። ጫማ ሰፊው ወደ ልጆቹ ሄደ፤ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ተበተኑ። ሰማያዊዋ ክፍል ዛሬ ሥዕል ይሸጥባታል። እንጆሪው ተቆርጧል።

አንድ በጋ ጊዘላ ልጆቹን ይዛ መጥታ ሁለቱ ሴቶች ወጥ ቤት ተቀምጠው አተር ሲፈለፍሉ፣ ጊዘላ ሳትጠየቅ የእህቶቿንና የወንድሞቿን ስም መጥራት ጀመረች። በዘጠኝ ዓመት ትዳሯ አንድም ቀን ስማቸው ካፏ ወጥቶ አያውቅም። ፍሬሐ «አይዞሽ» አላለችም። «እግዜር ያውቃል»ም አላለችም። አተሩን እየፈለፈለች እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያልቅ፣ «ሦስተኛዋን እንደገና ንገሪኝ፣ ስሟን አልያዝኩትም» አለቻት።

ሰባት ስሞች ነበሩ። ፍሬሐ ከዚያ ጀምሮ ዓርብ ዓርብ የሰንበት ሻማ ስታበራ ሰባቱንም ትጠራቸዋለች። በትክክል ለመጥራት ግን ብዙ ወራት ወሰደባት፤ ሃንጋሪኛው ለሞሮኮ ምላሷ ይከብዳት ነበር።